ቀዩን ማንሻ የያዝኩ ዕለት

ባሌ ወልደሚካኤል ያቺን ላንድሮቨር ሃያ ምናምን ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ በሷ አላሳፈረኝም። እሱ የውሃ ቁፋሮ መሥሪያ ቤት ሾፌር፣ መኪናዋ ደግሞ የመንግሥት። ልጃችንን እድላዊትን ልወልድ ምጥ ሲይዘኝ መኪናዋ በራችን ላይ ቆማ እሱ ታክሲ ፍለጋ ሮጠ። «የመንግሥት ንብረት እኮ ነው፣ አቻሜ» አለኝ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ያን ቀን የመለስኩለትን እዚህ አልደግመውም።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የሳሪሱ ነው። ከጎረቤቴ ከዲንቄ ጋር ከገበያ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ዘንቢላችንን ተሸክመን በጭቃው ስንዳክር ላንድሮቨሯ ከኋላችን መጣች። ወልደሚካኤል ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። ጎሽ፣ ዛሬስ ልቡ ራራ አልኩ። እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ብሎን አለፈ! እኔ በንዴት አለቀስኩ፤ ዲንቄ ሳቀች፤ ሳቋ እስከ ዛሬም አላለቀም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ምኞት ያዘኝ። በዚያች መኪና የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ በሳሪስ ማለፍ፣ እዚያው ሽንኩርት የምትሸጠውን ዲንቄን በመስኮት እጄን አውጥቼ ሰላም ማለት። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

እሱ ጡረታ ሲወጣ መኪናዋም አብራው ወጣች፤ በጨረታ ገዛት። ደስ ብሎኝ አዲስ ቀሚስ አሰፋሁ። እሷ ግን አቃቂ ግቢያችን ገብታ እንደቆመች ቀረች። ካምቢዮው ማርሽ አልቀበል አለ። ከካምቢዮው ጀርባ ተገጥሞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ደግሞ እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። ዶሮዎቼ ሥሯ ጫጩት ፈለፈሉ። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ስማኝ» አልኩት አንድ ሰኞ። «እስከ ቅዳሜ በዚህች መኪና ሳሪስ ካላደረስከኝ ቁራሌው ተክሌ ጎትቶ ይወስዳታል። ነግሬዋለሁ።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ። ስልኩን አንስቶ የድሮ መካኒካቸውን ሮሪሳን ጠራው። ሮሪሳ ቀስ ብሎ ሲያወራ እንኳ ቃሊቲ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው፤ ሳይውል ሳያድር ከተፍ አለ።

ወንበሩን ነቀሉ፣ ወለሉን ነቀሉ፣ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመው ካምቢዮውን ከነትራንስፈሩ በሰንሰለት ሰቅለው አወጡት። «ቀስ በል!» ይላል አንዱ። «አንተ ቀስ በል!» ይላል ሌላው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ናፍታና ማርሽ ሞላበት። ሮሪሳ አንዱን ማርሽ አንጠልጥሎ ያገጠጠ ድዱን አሳየኝና «እይ፣ እንደኔው ጥርስ የላትም!» ብሎ ሳቀ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄደው አዲስ ኩሽኔታ እንደ ልጅ አቅፈው፣ እየዘፈኑ ተመለሱ። ሁለቱም ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው እኮ! እኔ እንደተቆጣሁ መስዬ ፊቴን እያዞርኩ እስቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ከልቤ አናደደኝ። ያጠቧቸውን ጥቃቅን ዕቃዎች ሽምብራዬን ፀሐይ ባሰጣሁበት ሸራ ጫፍ ላይ ዘረገፏቸው። ሌላ ቦታ ጠፍቶ! ጮኼባቸው አስነሳኋቸው፤ ሽምብራዬን ሰብስቤ ቆላሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተገጥሞ ሞተሩ ተነሣ። ወልደሚካኤል ከካምቢዮው ማንሻ አጠገብ ያለችውን፣ አናቷ ቀይ የሆነውን የትራንስፈር ማንሻ አስገባና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ እልፍ አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት ማንሻዋ ጧ! ብላ ወጣች፤ ሞተሩ አጓራ፣ መኪናዋ ቆመች። ደግሞ ሞከረ። ጧ!

ሮሪሳ ሥሯ ገብቶ ፊቱ በዘይት ተለውሶ ወጣ። «ሞላዋ አለች፤ ብይዋ የለችም» አለ። ሽምብራ የምታህል የብረት ብይ አለች አሉ። ሞላዋ ትጫናታለች፣ እሷ ደግሞ ማንሻዋ ከገባችበት እንዳትወጣ ታደርጋለች። ሳፋውን ገለበጥን፣ ግቢውን በጉልበታችን ዳሰስን። ሮሪሳ ቀይዋን ዶሮዬን በጥርጣሬ ሲያያት «ሞክራትና!» አልኩት።

ይሄኔ የተክሌ መኪና በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ተክሌ ሰንሰለቱን በትከሻው አንግቶ ገባ። «እማማ፣ መጥተናል። እንጎትታት?»

ወልደሚካኤል ጨርቅ አንሥቶ የላንድሮቨሯን መብራት ይወለውል ጀመር። በገዛ ምላሴ ያመጣሁት ጣጣ!

«ማንሻዋን ሰው ቢይዛትስ?» አልኩ።

ሮሪሳ «እኔ እይዛታለሁ!» ብሎ ተንደረደረ። ወልደሚካኤል ግን ቀድሞት ዞረና የፊቱን በር ከፈተ። «ግቢ፣ አቻሜ» አለኝ።

ገባሁ። ሮሪሳ ከኋላ ተሳፈረ። ቀይዋን ማንሻ በሁለት እጄ ጨብጬ ጥርሴን ነከስኩ። ከግቢው ስንወጣ ጎረቤት በእልልታ አቀለጠው። ማንሻዋ ልትወጣ ትታገለኛለች፣ እኔ እታገላታለሁ፣ ሰውነቴ ሁሉ ይንዘፈዘፋል፣ ሳቄ አልቆም አለ። ተክሌ የትም አይደርሱም ብሎ ሰንሰለቱን እንደያዘ በመኪናው ከኋላ ይከተለናል። ቃሊቲን አለፍን። አዲሱን ቀሚሴን አለመልበሴ ትዝ አለኝና ደግሞ ሳቅሁ።

ሳሪስ ደረስን። ዲንቄ ሽንኩርቷን ደርድራ ቆማለች። ወይ ጉድ፣ እጄ! ማንሻዋን ብለቃት መኪናዋ ትቆማለች፤ ካልለቀቅኳት ደግሞ ለምን መጣሁ?

ለቀቅኳት። ግማሽ አካሌን በመስኮት አውጥቼ «ዲንቄ! ዲንቄዬ!» እያልኩ እጄን አወዛወዝኩ።

ጧ! መሐል መንገድ ላይ ቆምን። የጥሩምባ ጩኸት አካባቢውን ሞላው። ተክሌ ሰንሰለቱን ይዞ ዘለለ። ዲንቄ ሽንኩርት እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀረች፤ ከዚያ በሳቅ ተንከትክታ መሬት ተቀመጠች። እንባዋን እየጠረገች መስኮቱ ድረስ መጣችና ባሌን «ወልደሚካኤል፣ የመንግሥት ንብረት አልነበረም እንዴ?» አለችው።

«እኔም አሁን የመንግሥት አይደለሁም» አላት።

ማንሻዋን መልሼ አስገባሁና ሄድን። ተክሌ ሰንሰለቱን መኪናው ላይ ወርውሮ ተመለሰ።

ወደ አቃቂ ስንመለስ መብራት ያዘን። ቆመን ሳለ ከኪሴ የሽምብራ ቆሎ ዘግኜ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ቀጭ! ጥርሴን ሊያረግፈው። በምላሴ ሳገላብጣት ክብ ናት፣ ልሙጥ ናት፣ የናፍታ ጣዕም አላት።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሮሪሳ ከኋላ ጮኸ። «ነገ ሶማሌ ተራ ሄጄ ልኳን ብይ አመጣለሁ! ከእንግዲህ አንቺ አትለፊም፣ እኛ ብቻችንን እንነዳታለን!»

አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«ምን ያስቸኩላል?» አለ ወልደሚካኤል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እንዲሁም ደህና ትሄዳለች።»

ብይዋን ቀስ ብዬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ማንሻዋን በሁለት እጄ ያዝኩለት።