የፊት ጎማ

ቃልኪዳን የወደቀች ሰሞን መርሳ ላይ ሰው ሁሉ የሚያማው ዝናቡን ነበር። «የዘንድሮ ክረምት ምን ዓይነት ነው!» ይላል አንዱ። «ያ ቁልቁለት እንኳን ለብስክሌት ለበቅሎም አይሆን» ይላል ሌላው። ይታገሱም አብሮ ዝናቡን አማ። ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ከእሱ ሌላ ሊያውቅ የሚችል ቢኖር ወልድያ ያለው የብስክሌት ዕቃ ሻጭ በርሀ ነበር፤ በርሀ ደግሞ መውደቋንም አልሰማም።

ይታገሱ መርሳ ውስጥ የስፖርት መምህር ነው። ዕድሜው ሠላሳ አራት ደርሷል፣ አላገባም፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወይ ብስክሌቱ ላይ ነው ወይ ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለቱን ሲያጥብ ነው የሚገኘው። ቃልኪዳን ደግሞ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለ አንድ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የኬላው ሞተር ሳይክል በጦርነቱ ጊዜ ከጠፋ በኋላ አንድ ፕሮጀክት ማውንቴን ብስክሌት ሰጣት። እንድትነዳ ያስተማራት ይታገሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የመስኖ ቦይ ውስጥ እየገባች ስታስቀው ከረመች፤ ዓመት ሳይሞላት ግን እሱ ወርዶ የሚገፋበትን ዳገት ሳትወርድ ትወጣው ጀመር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በማንጎው እርሻ ዳር ዳር አብረው ይነዳሉ። ሰው ነገር ጠረጠረ። ሰው የጠረጠረውን ነገር ይታገሱ በልቡ ይመኘው ነበር፤ አፍ አውጥቶ ግን አልነገራትም።

በግንቦት መጨረሻ የሁለቱም ጎማ አለቀ። የእሱ ጥርሱ ተበልቶ ሙልጭ ብሏል፤ የእሷ ጎኑ በድንጋይ ተሰንጥቆ ክሩ ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ይታገሱ ወልድያ ሊሄድ ሲነሳ ደወለችለት። የክትባት ቀን ስለነበረ ከኬላው መውጣት አልቻለችም።

«የኔንም ይዘህልኝ ና። አንተ የምታውቀውን ምረጥልኝ» አለችው። «ግን እንዳትረሳ፣ እኔ እንዳንተ ሲያሰኘኝ አይደለም የምነዳው። በጋ የለ፣ ክረምት የለ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው።»

«አውቃለሁ» አላት።

የበርሀ ሱቅ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። በርሀ ጢሙ የሸበተ፣ በጎማ ጉዳይ ችኮላ የማይወድ ሰው ነው። ደንበኛ ገብቶ «ጎማ ስጠኝ» ቢለው መጀመሪያ መንገዱን ይጠይቀዋል። ይታገሱ ለራሱና ለቃልኪዳን እንደመጣ ሲነግረውም እንዲሁ ጠየቀው።

«የት የት ነው የምትነዱት መምህር?»

«በጋ ድንጋይና የግራር እሾህ ነው፣ ጋሽ በርሀ። ክረምት ጥቁሩ አፈር፣ መረሬው፣ ይላቁጣል። መሀል ላይ ኮረኮንች አለ፣ ትንሽ አስፋልትም አይጠፋም።»

በርሀ ከመደርደሪያው ሁለት ዓይነት አወረደና ባንኮኒው ላይ አጋደማቸው። የአንደኛው ጥርስ ረጃጅምና የተራራቀ ነው፣ ጎኑም ወፍራም ነው። የሁለተኛው ጥርስ አጫጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው።

«ይኼኛው» አለ የመጀመሪያውን በጣቱ እየነካ፣ «ሲዞር ጭቃውን ይተፋል። ደረቅ ላይ ይከብድሃል፣ ያጉረመርማል፤ ግን አይጥልህም። እሾህም ቶሎ አይደፍረውም። ይኼኛው ደግሞ በጋ እንደ ነፋስ ነው። ጭቃ ላይ ግን መሀሉ ይሞላና ሳሙና ይሆናል።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ሁለት ጥንድ ይስጡኝ።»

«ያለኝ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ሌላው ከመስከረም በፊት አይገባም።»

በርሀ ትንሽ አሰበና እንዲህ አለው፦ «እኔ ብሆን ለሁለታችሁ አካፍለው ነበር። ሰውን የሚጥለው የፊት ጎማ ነው። የኋላው ቢንሸራተት እግርህን ታወርዳለህ፤ የፊቱ ከከዳህ ግን ለማሰብም ጊዜ የለህ። አንዱን ካንተ ፊት፣ አንዱን ከልጅቱ ፊት ግጠሙት። ጥቅጥቁን ከኋላ አድርጉት። ክረምቱን ሁለታችሁም በሰላም ትወጡታላችሁ።»

ምክሩ ለይታገሱ በደንብ ገባው። ኋላ ዕረፍት የነሳውም በደንብ መግባቱ ነው። የዚያን ጊዜ ግን በዓይኑ የመጡበት እሑድ እሑድ ከወልድያ እስከ ግራና የሚነዱት ጎረምሶች ነበሩ። ባለፈው ነሐሴ ጭቃው ላይ ሲዘረር ቆመው ስቀውበታል፤ አማኑኤል የሚባለው እንዲያውም በስልኩ ቀርጾት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ጎማ ሲመኝ ኖሯል። ደግሞ ፊትና ኋላው ያልተመሳሰለ ብስክሌት በእሱ ዓይን እንደተጣፈ ሱሪ ነው።

«እሺ፣ እንዳሉት እናደርጋለን» ብሎ አራቱንም ጎማ አሳስሮ ወጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎማዎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ስሪንቃን ሲያልፉ «ላካፍላት» ብሎ ቆረጠ። መርሳ ሲደርሱ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ቁልቁለቱን እንደሆነ እሷ ወርዳ ነው የምትገፋው፣ ምን ትሆናለች አለ ለራሱ።

በማግስቱ ይታገሱ ግቢ ውስጥ ጎማዎቹን ገጠሙ፤ ባለ ረጃጅም ጥርሱን ጥንድ ለእሱ፣ ጥቅጥቁን ለእሷ። እሱ የውስጡን ካላማዳሪያ እየነፋ እሷ በአውራ ጣቷ ጎማውን ተጫነችው፤ አንዴ የእሱን፣ አንዴ የራሷን።

«የኔ ለምን ጥቅጥቅ አለ?»

«ሌላ አልተገኘም» ሊላት ነበር። ሚኒባሱ ላይ ያዘጋጀው መልስ እሱ ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ወጣ።

«ላንቺ መንገድ እሱ ነው የሚሻለው።»

«ለጭቃውም?»

«ለጭቃውም።»

«በሞቴ በል!»

«ሙች!» አላት።

ደስ ብሏት ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረችበት።

ክረምቱ ገባ። ይታገሱ አዲሱን ጎማውን ይዞ ከወልድያዎቹ ጋር ወጣ፤ ጭቃው ላይ ከፊት ሆኖ ነዳ። አማኑኤል «ምን አግኝተህ ነው አንተ!» ሲለው ደስታው ቀኑን ሙሉ አልለቀቀውም። ከቃልኪዳን ጋር ሲገናኙ «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቁን ግን ተወው። ብትነግረው ምን ሊላት ነው?

በሐምሌ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ይታገሱ ቤቱ ሆኖ ልብስ ሲያጥብ ስልኩ ጮኸ። የቃልኪዳን ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የወንድ ነው።

«መምህር ይታገሱ ነህ? አብዱልጀሊል እባላለሁ። ስልኳ ላይ ፊት ያገኘሁት ያንተን ስም ነው። ባለቤቴ ዙልፋ ወልዳ ቃልኪዳን ልታያት መጥታ ነበር። ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች። አብሽር፣ አለች፣ ትናገራለች። እግሯ ግን ደግ አይደለም።»

ይታገሱ ልብሱን ከነአረፋው ጥሎ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ኮረኮንቹን ጨርሶ መረሬው ውስጥ ገባ። በዚያ ሁሉ ጭቃ፣ በዚያ ሁሉ ዳገት፣ ጎማው አንድ ጊዜ እንኳ አልተንሸራተተም። እንዲንሸራተት ነበር ምኞቱ። ይጣለኝ እያለ ነው የነዳው።

ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ወንዝ አጠገብ ሲደርስ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲወርዱ አገኛቸው። ጋቢ አልብሰዋታል። ፊቷ ግማሹ ጭቃ ነው። ጉልበቷን በእንጨት አስረውላታል።

«መጣህ?» አለችው ጥርሷን ነክሳ። «እላይ የቀረው ቦርሳዬ ውስጥ መዝገብ አለ፣ እንዳይረጥብብኝ።»

ሰዎቹ ወደ መኪናው መንገድ ሲቀጥሉ እሱ ቦርሳዋን ሊያነሳ ወደ ቁልቁለቱ ወጣ። ብስክሌቷ ጎድጓዳው ውስጥ ተጋድሟል። የፊት ጎማውን አየው። ጭቃ ጥርሱን ሁሉ ሞልቶት እንደ ሸክላ ለስልሶ ነበር። ተከትሎት የወጣው አብዱልጀሊል፣ የደወለለት ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ዓይኔ እያየ ነው። ፍሬንም አልያዘችም። የፊቱ ጎማ ድንገት ሾለከ፣ እሷ በጉልበቷ ድንጋዩ ላይ። አላህ የጻፈው ነው።»

ይታገሱ ቦርሳውን አንስቶ ወረደ።

ወልድያ ሆስፒታል ተኛች፣ ከዚያ ለቀዶ ሕክምና ደሴ ተላከች። በሁለት ወሯ በክራንች፣ በሦስት ወሯ በዱላ ቆመች። ጉልበቷ ግን ከግማሽ በላይ አልታጠፍ አለ። ያንን ሸንተረር ወጥታ ወርዳ፣ በየቤቱ እየዞረች መሥራት ቀረ። ወልድያ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ የሚሠራ ሥራ ሰጧት። ወላዶቹ መርሳ ገበያ ላይ ይታገሱን ሲያገኙት «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመለስ?» ይሉታል። «ትመጣለች» ይላል።

ኅዳር ላይ፣ ሊጠይቃት ወልድያ እናቷ ቤት ሄደ። እናቷ እማማ ዘነበች በሩ ላይ አቅፈው ሳሙት።

«አንተ ባትደርስላት ምን ይውጣት ነበር? ወንድም አልወለድኩላትም ነበር፣ እግዜር አንተን ሰጣት» አሉት።

«ኧረ እማማ፣ እንዲህ አይበሉ» አለ። መቀመጥ አቃተው።

እማማ ዘነበች የማሽላ እሸት ሊጠብሱ ጓዳ ገቡ። ቃልኪዳን እግሯን ዘርግታ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ይታገሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሁሉንም ነገራት፤ ጥንዱን፣ የበርሀን ምክር፣ እሺ ብሎ መውጣቱን። አንድም ነገር አላስቀረም። የወልድያዎቹን ሳቅም ሳይቀር ነገራት፤ ሲናገረው እንዴት ትንሽ ነገር እንደሆነ ራሱ ሰማው።

የተዘረጋውን ጉልበቷን በእጇ ዳበሰችው።

«ያንን ቁልቁለት ሁለት ክረምት ሙሉ ነድቼው አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ወርጄ ነው የምገፋው። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«የዚያን ቀን ግን፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ይታገሱ ለጭቃ ይሻላል ብሎ የመረጠልኝ ነው አልኩና ነዳሁት።»

«ቃልዬ...»

«ጎማውን መውሰድህን አይደለም። ፈልጌዋለሁ ብትለኝ እኔው እሰጥህ ነበር። ሌላ አልተገኘም ብትለኝ እንኳ እንደ ወትሮዬ እወርድ ነበር። ምን ነበረበት ብትነግረኝ?»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ያንን ጉልበት ሲያየው አነሰበት። እማማ ዘነበች እሸቱን በሰፌድ ይዘው ገቡና ሁለቱንም አዩዋቸው።

«ምነው ዝም ዝም አላችሁ?»

«ስለ ጎማ ስናወራ ነው እማዬ» አለች ቃልኪዳን። ለእናቷ ከዚያ በላይ አልነገረቻቸውም፤ ኋላም ቢሆን እንዳልነገረቻቸው ይታገሱ የሚያውቀው እሳቸው ዛሬም ሲያዩት ስለሚመርቁት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደወለላት፤ አላነሳችም። መልእክት ላከላት፤ «ደህና ነኝ» ብላ ብቻ መለሰች።

ጥር ላይ የኬላውን ንብረት ልታስረክብ መርሳ መጣች። ይታገሱ ሰምቶ መናኸሪያ ጠበቃት። ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረ ንግግር ነበረው። ዱላዋን ይዛ ቀስ እያለች መጣች፣ አየችው፣ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። እንዴት ከረሙ?» አለችው።

አላሾፈችበትም። እንደማንኛውም የምታከብረው ታላቅ ሰው ነው የጠራችው። ይታገሱ ያጠናው ንግግር ከአእምሮው ጠፋ። «አንቺ» ሊላት ፈልጎ ምላሱ እምቢ አለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን።»

ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ!» እያለ ይጣራል። ቃልኪዳን የሚኒባሱን በር ጨብጣ ደህነኛውን እግሯን አስቀደመች፣ ከዚያ የማይታጠፈውን በእጇ አንስታ አስገባችው። ይታገሱ ሊደግፋት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እሷ ግን ጨርሳ ተቀምጣለች።