የማያቃጥል ኮሎኛ

ትብለጽ ኮሎኛ መሥራት የተማረችው አንድ አርመን መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ተቀጥራ ሳለች ነው። ሰውየው ቤቱ ሲወረስ አገር ጥሎ ሄደ፤ ብልቃጦቹንና ሙያውን ግን ለእሷ ተወላት። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ በጠንካራ አልኮል ትዘፈዝፍና ሦስት ሳምንት ጨለማ ውስጥ አቆይታ በነጠላ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ወሎ ሰፈር ውስጥ የእሷን ኮሎኛ የማያውቅ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዮች የተላጨ አገጭ ላይ ይረጩታል፤ አውቶቡስ የሚያጥወለውለው መንገደኛ በመሀረብ ያሸተዋል፤ ለቅሶ ቤት ራሷን የሳተች ሴት ፊቷን በእሱ ያብሱላታል።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ የቀበሌው መርማሪ ገረመው ሱቋ መጣ።

«እትዬ ትብለጽ፣ ዓርብ ዓርብ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ለቢሮ ያምጡልን።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። በዚያ በቀይ ሽብር ጊዜ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

በሦስተኛው ዓርብ ጠዋት ጥበቃው በቀጥታ ወደ ጓሮው ክፍል ላካት። በሩን ስትገፋ አንድ ወጣት እጅና እግሩ ታስሮ ከእንጨት ላይ ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሏል። ውስጥ እግሩ በኤሌክትሪክ ገመድ ተተልትሎ ሥጋው ወጥቷል። ጎንበስ ብላ ፊቱን ስታይ ስብሓት ነው፤ የጎረቤቷ የንግሥቲ ልጅ፣ አስተማሪው። ገረመው ጠርሙሱን ከእጇ ነጥቆ ቡሹን በጥርሱ ነቀለና ቁስሉ ላይ አንቆረቆረው።

የስብሓት ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ክፍሉ ሎሚ ሎሚ ሸተተ።

«ቁስል ያደርቃል አይደል የሚባለው?» አለ ገረመው፤ ደግሞ ሳቀ።

ትብለጽ ከግቢው ወጣች። የገዛ እጇ ሽታ አስጠላት። የሚቀጥለው ዓርብ ሲደርስ ልጣጭ የተቀቀለበት ውሃ አቀዝቅዛ ጠርሙሶቹን ሞላች፤ ከላይ እንዲሸት አፋቸውንና ቡሹን ብቻ በእውነተኛው ኮሎኛ አራሰች።

እንደገና ወደ ጓሮ አስገቧት። ገረመው ስብሓትን ገርፎ ሲበቃው ጠርሙሱን ከፍቶ አፈሰሰበት። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ያበጠ ዓይኑን ገልጦ ትብለጽን አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ከባለፈው አስበልጦ ጮኸ። ገረመው ደስ አለው።

እንዲህ እየሆነ ሳምንታት አለፉ።

የካቲት ላይ ገረመው ለስብሰባ ሲዘጋጅ ቢሮው ውስጥ ጢሙን ሲላጭ ምላጩ አገጩን ሸረከተው። ከኮሎኛው ጠርሙስ መዳፉ ላይ አፍስሶ ቁስሉን ቀባው። ምንም አላቃጠለውም። ቀመሰው።

«ውሃ!» እያለ እየጮኸ ወጣ።

ትብለጽን ከሱቋ በፀጉሯ እየጎተቱ አመጧት። እሷንም እንደ ልጁ አሥረው ሰቀሏት።

«ማነው ያዘዘሽ? የየትኛው ድርጅት ነሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ልጁ ሲጮኽ ሰማሁት፣ በቃ።»

በገመዱ ገረፏት፤ ውስጥ እግሯ እስኪተለተል፣ ሁለት የእግር ጣቶቿ እስኪሰበሩ። ቀጥሎ ከሱቋ የወሰዱትን እውነተኛ ኮሎኛ አመጡ። መጀመሪያ ሲያፈሱባት የገዛ ድምፅዋን እንኳ አላወቀችውም። ሁለተኛው ላይ ራሷን ሳተች፤ በዚያው ኮሎኛ አፍንጫዋን አሽትተው አነቋትና እንደገና ጀመሩ።

ግንቦት ላይ ስትፈታ በተረከዟ እየሄደች፣ ግድግዳ እየያዘች ሰፈር ደረሰች። ስብሓትን መጋቢት ላይ ገድለው ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈው ጥለውት ነበር። እናቱ እንዳታለቅስ ተከለከለች።

ንግሥቲ በሩን ዘግታ አስቀመጠቻት።

«ንገሪኝ፣ እህቴ። በጣም አሰቃዩት?»

ትብለጽ መዋሸት አልፈለገችም። «መጀመሪያ አዎ። ሲጮኽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ እስክያዝ ድረስ ግን ከኮሎኛው አድኜዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሲያፈሱበት የሚጮኸው አስመስሎ ነው።»

ውሃውንና ልጣጩን ነገረቻት።

«ትምህርት ቤት ላለመሄድ ሆዴን እያለ እንደዚያ ነበር የሚጮኸው» አለች ንግሥቲ። «ሁልጊዜ ያሞኘኝ ነበር!»

ድንገት ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት፤ ድምፁ ውጪ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ትብለጽ በጨርቅ የተጠቀለለ እግሯን እየጎተተች ተጠጋቻትና ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች።