አረንጓዴው የጠፋ ዕለት

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ አፍንጫዬን ያዝሁ። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ጣና ነው፤ ከሥሩ ሐይቁ ዳር የተከመረ የእምቦጭ አረም ሲበሰብስ ምን እንደሚሸት የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። መስኮቱን ዘጋሁት። ሽታው ግን ከእኔ ጋር ውስጥ ቀረ።

ሥራዬ አውራ ጣት ከምታህል ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ጋር ነው። ቺፕ እንላታለን። በውስጧ ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ በአንዱ የሰው የአንጎል ሕዋሳት አሳድጋለሁ፣ በጎረቤቱ ደግሞ ፈሳሽ በፓምፕ ይፈስሳል። አንጎል ቀን ያጠራቀመውን ቆሻሻ በእንቅልፍ ጊዜ ያጥባል ይባላል፤ ሳይታጠብ ሲከማች ሰው በእርጅናው የገዛ ልጆቹን እስከ መርሳት ይደርሳል። የእኔ ጥያቄ ፈሳሹ እንደ ተኛ ሰው የልብ ምት ዝግ ሲል ቆሻሻው ፈጥኖ ይወጣል ወይ የሚል ነው። ቆሻሻው አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም የለጠፍሁበት ፕሮቲን ሲሆን፣ ምን ያህሉ እንደ ቀረ በካሜራ ይታያል። ዶክትሬቴን ከጨረስሁ ወዲህ የያዝሁት ይህንኑ ነው፤ ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል። ሐሙስ የሚመጡት ገንዘብ ሰጪ እንግዶች ውጤት ካዩ ሥራው ይቀጥላል፤ ካላዩ እኔም ቺፗም እንሰናበታለን።

ያን ጠዋት ስክሪኑ ጥቁር ነበር። አልለቅ ብሎ ሲያንገላታኝ የከረመው አረንጓዴ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል።

"ታጠበ!" አሉ ዶክተር አንዳርጋቸው ከኋላዬ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ናቸው። "ሀዲስ፣ እንኳን ጾምህ ተፈታ!"

"ዶክተር፣ በጣም ፈጠነ።"

"ደግ ነገር ሲፈጥን ትፈራለህ እንዴ?"

"የሚሸትም ነገር አለ።"

"እምቦጭ ነው። እንግዶቹ ሲመጡ መስኮቱን እንዳትከፍቱ።"

ክፉ ሰው አይደሉም። ይህችን ላቦራቶሪ ከባዶ ክፍል ያቋቋሙ፣ ጀነሬተሩን ደጅ ጠንተው ያመጡ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከመናገሬ በፊት ማየት ነበረብኝ።

ቺፗን ከካሜራው አውጥቼ ተራው ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኋት። ሕዋሳቱ ፈራርሰዋል። በቦታቸው ደቃቅ ዘንጎች ይርመሰመሳሉ፤ ባክቴሪያ ነው። ቆሻሻውን ያጠበው የለም። በልተውታል።

ያገለገለው ፈሳሽ የሚጠራቀምበትን ጠርሙስ ከፈትሁ። ቴክኒሻናችን ሩሐማ ገና በሩ ላይ ሳለች በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"ኧረ በማርያም! ምንድን ነው የከፈትኸው? ቄራ ነው እንዴ?"

እውነቷን ነው፤ የፈርስ ሽታ ነበር። ፍሪጁን ከፈትን። ከጠርሙሶቼ በላይ፣ መደርደሪያው ጥግ፣ ጥቁር ፌስታል ተወትፏል። ከሥሩ ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ቺፗን የምመግብበትን ፈሳሽ ጠርሙስ አንገት አጣብቆታል። እኔ ለበዓሉ መሸንቲ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ነበርሁ፤ ሰኞ ስመለስ ፌስታሉን ሳላስተውል ከዚሁ ጠርሙስ ቀድቼ ነው የመገብኋት።

"ቅርጫው ነው" አለች ሩሐማ። "ቅዳሜ በሬው እንደ ታረደ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ያለው እኛ ጋ ብቻ ስለሆነ የሠራተኛው ሥጋ ሁሉ እዚህ አደረ። ሁሉም ድርሻውን ወስዷል። ይቺ ጨጓራ የዶክተር ሳትሆን አትቀርም።"

ዶክተርን ጠራኋቸው። ፌስታሉን ሲያዩ ፈገግ አሉ።

"ለካ እዚህ ረስቻት ነው! ባለቤቴ ስትጨቃጨቀኝ ሰነበተች።"

"ጠርሙሴ ላይ ፈስሷል፣ ዶክተር።"

"ቅዳሜ ትንሽ ደም ነክቶት፣ ክዳኑም ላልቶ ነበር። በሶፍት ጠርጌ አጥብቄ ዘግቼዋለሁ እኮ። ምን ላድርግ፣ ያ ሁሉ ሰው በዓመት በዓል ሥጋው ይበላሽበት?"

ማይክሮስኮፑን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩ። ቀና ሲሉ ፈገግታው የለም።

"ካሜራው ይህን አያሳይም" አሉ ቀስ ብለው።

"ሽታውስ?"

"ሽታ አይታተምም።"

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም።

"ልጆቹን የማይለይ አባት ያለው ሰው ይህን አንብቦ ተስፋ ያደርጋል፣ ዶክተር።"

"አንተስ ሰኔ ላይ ምን ተስፋ ታደርጋለህ?"

የዘንጎቹን ፎቶ አንሥቼ ለሐሙስ ባዘጋጀነው ማቅረቢያ ከጥቁሩ ስክሪን አጠገብ፣ መጀመሪያ ገጽ ላይ ለጠፍሁት፤ ከሥሩም "ተበክሏል፤ ውጤት አይደለም" ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በረኪና በጥብጬ በቦዮቹ ለቀቅሁት።

"እንግዲያው እንግዶቹን አንተው ተቀበላቸው" አሉ ዶክተር፣ ወደ በሩ እየሄዱ።

ግን ተመለሱ። ፍሪጁን ከፍተው ፌስታሉን አወጡና አፉን ፈትተው አሸተቱ።

"ይኼማ ደህና ነው" አሉ። "በደንብ ከታጠበ ይበላል።"

አንጠልጥለውት ወጡ። ከፍሪጁ እስከ በሩ የተንጠባጠበውን ሩሐማ ልትወለውል መወልወያ ስታነሣ፣ "ለእኔ ተይው" አልኋት። በረኪናው ገና በእጄ ነበር።