መኪናዋና በርጩማዋ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። አንተም ስልክህን አስቀምጠው። ይህቺ ደጃችን የቆመች መኪና እንዴት የእኛ እንደሆነች ላጫውታችሁ።

እህቴን ሂዳያን ታውቋታላችሁ። ቤቷ አምባሰል፣ ከዳገቱ ጫፍ ነው። እሷ ጉልበቷን እኔ ወገቤን እያመመን፣ ሚኒባስ ላይ ተጣጥፎ መቀመጥ አቅቶን፣ በስልክ ብቻ የምንገናኝ ሆነን ነበር። ይሄኔ ልጄ ሙነወር "እማ፣ መኪና ገዝቼ አገናኛችኋለሁ" አለኝ። እጁ ላይ ያለው ግን ለአዲስ አይበቃም። እዚሁ ሐይቅ ከተማ ፈንታሁን የሚባል ሰው ፎርዊል መኪናውን ሊሸጥ ነው ተባለ። ቤተሰብ ሙሉ ትጭናለች፤ ግን አራት መቶ ሺህ ኪሎሜትር አልፋለች።

"በዚህ ኪሎሜትር መካ ስንቴ ደርሳ በተመለሰች!" አለች ምራቴ ራዚያ።

ሙነወር አልሳቀም። "ገዝተናት ዳገት ላይ ብትቀርስ? ሌላ መግዣ የለንም።"

"እኔ ልያት" አልኩ።

"እማ፣ አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ እርጅና አውቃለሁ።"

ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ እንደምንመጣ ሳንነግረው ሄድን። ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩን እንደምነካው፣ መዳፌን ኮፈኗ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ናት። ሳንነግረው የመጣነው ለዚህ ነው፤ ቀድሞ ቢያሞቃት ሕመሟ ይደበቅ ነበር።

"እማማ፣ ትኩሳት አላት እንዴ?" ብሎ ሳቀ ፈንታሁን።

"የላትም። በል አስነሳት።"

ትንሽ አሳላትና ተነሳች። ሙነወር በአስፋልቱ እንዙር ሲል፣ "በአስፋልቱማ ማንም ይሄዳል፤ ወደ እህቴ ዳገት ውሰዱኝ" አልኩ።

ዳገቱን አጋምሰን ፈንታሁን ማንም ሳይጠይቀው ጥግ ይዞ አቆመ።

"ምን ሆነች?" አለ ሙነወር ደንግጦ።

"ራዲያተሯ አርጅቷል፤ መቀየር አለበት። ሰው ጭና ስትወጣ እዚህ ጋ አሳርፋታለሁ።"

"አሁን ነው የሚነግሩኝ ጋሼ?"

"ታዲያ መቼ ልንገርህ? ቁርሴን እንኳ ሳልበላ የመጣኸው አንተ! ደብቄ ብሸጥልህ ነገ ገበያ ላይ ስንገናኝ በየት በኩል ልዙር?"

"ትረፍ" አልኩ እኔ። "እኔስ ይህን ዳገት በአንድ ትንፋሽ እወጣዋለሁ?"

አርፋ ወጣች። ሂዳያ ደጇ ላይ ሆና ስታየኝ ምርኩዟን ጣለች። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን። "ተነሺ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት" አልኳት።

መኪናዋ ግን ከፍ ያለች ናት፤ የሂዳያ እግር አልደርስ አለ። ሙነወር ሊሸከማት ጎንበስ ቢል፣ "ዞር በል፣ ሙሽራ አይደለሁም!" አለችው። ያኔ ፈንታሁን ከኋላ ወንበር ሥር አንዲት የእንጨት በርጩማ አውጥቶ እግሯ ሥር አኖረላት።

"ለእናቴ ያሠራኋት ናት" አለ። "ደሴ ሐኪም ቤት ሳመላልሳት በዚህች ነበር የምትወጣው። ነፍሷን ይማርና፣ ካለፈች ወዲህ ባዶው ወንበሯ ከበደኝ። መኪናዋን የምሸጣትም ለዚያ ነው።"

ሂዳያ በርጩማዋን ረገጠች፤ ወጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ሙነወር ጎንበስ ብሎ በርጩማዋን አነሳና፣ "እሷስ ትሸጣለች?" አለ።

"እሷ አትሸጥም። መኪናዋን ከወሰድክ ግን አብራ ትሂድ።"

"በቃ፣ ወስጃታለሁ። ራዲያተሩን እኔ እቀይራለሁ።"

ቁልቁል ስንወርድ ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ አለ። ሂዳያ እጄን ጨብጣ "ውሃው እንዳለ ነው?" አለች።

"አንቺን እየጠበቀ" አልኳት።

ይኸው አሁን ሲያሰኛት ትመጣለች፣ ሲያሰኘኝ እሄዳለሁ። ኪሎሜትሩም ይጨምራል፤ ይጨምር። እናንተ ግን ልጆቼ፣ መኪናዋን ስታጥቡ ያቺን በርጩማ "ምን ታደርጋለች" ብላችሁ እንዳታወርዷት። እኔና ሂዳያ ባንኖር እንኳ፣ እግሯ የማይደርስላት ሌላ እናት አትጠፋም። አደራችሁን፣ ይህችን አስታውሱልኝ።