ከፖስተሩ ያልወረደው ኢንጂነር

የክሬሰንት ታውን ሰፈር ነዋሪ የሆኑት አቶ ሙሉነህ ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ውስጥ መቀመጫ ማግኘታቸው ለሚመለከተው ሁሉ ይገለጻል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ተናኘ ከልጃቸው ከሔርሞን ጋር ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። የአቶ ሙሉነህ ልጅ ኖላዊ ግን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንደሚሄድ ሰው በሩ ሥር ቆሟል።

«ኢንጂነር፣ ምነው ራቅህ? አስጎብኚያችን እኮ አንተ ነህ!» አሉት ተናኘ።

«መጣሁ፣ እትዬ ተናኘ።»

አልመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ለጥቁር ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው «ኦፕን ሀውስ» የተባለ የጉብኝት ቀን አዘጋጅቷል። ሔርሞን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ እናቷ ደግሞ «ኖላዊ የሚማርበት ከሆነማ ትግባ» ብለው ቆርጠዋል። ኖላዊ የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ የሚኖሩበት ሕንጻም ቤተ ክርስቲያኑም የሚያውቀው ይህንን ነው። እውነቱ ግን ውጤቱ ስለወረደ ባለፈው ሜይ አሰናብተውታል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ የሚወጣው ሬክስዴል ሰፈር ወዳለ መጋዘን፣ ለጉልበት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተማሪነት ሲሰርዘው ከማስታወቂያ ፖስተሩ ማውረዱን ስለዘነጋ፣ መግቢያው አዳራሽ ላይ ተለጥፎ የላብራቶሪ መነጽር አድርጎ ዛሬም ይስቃል።

ታዲያ ለምን መጣ? የዩኒቨርሲቲው የጥቁር ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ማርሻ ለምናው ነው። ሌሎቹ ፈተና አለብን አሏት። «የቀረኸኝ አንተ ነህ» ብላ ደወለች። መሰናበቱን ታውቅ እንደሆነ አልተናገረችም፤ እሱም አላነሳባትም። አባቱም አብረው እንደሚመጡ የሰማው ግን እሺ ካለ በኋላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ማርሻ፣ የሚገቡት ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ መሆኑን በእንግሊዝኛ አበሰረች። ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት ተናኘ ናቸው፤ ምን እንደተባለ ሔርሞንን የጠየቁት ከጭብጨባው በኋላ ነው።

ሔርሞን እጇን አወጣች። «ከሚገቡት ስንቱ ይመረቃል?»

«ግሩም ጥያቄ ነው!» አለች ማርሻ። «ኖላዊ ከራሱ ልምድ ቢነግረን አይሻልም?»

ኖላዊ ወደ ፊት ወጣ አለ። «ከእኔ ጋር ሜካኒካል የገባነው ጥቁሮች አምስት ነበርን።»

«አሁንስ?» አለች ሔርሞን።

አባቱን አያቸው። አባቱ ጣሪያውን እያዩ ነበር።

«ሁለት።»

«አንተን ጨምሮ?»

«በሉ ወደ ላብራቶሪው እንሂድ!» አለች ማርሻ።

ተናኘ ልጃቸውን ክንዷ ላይ ቆነጠጧት። «አንቺ፣ ልትማሪ ነው ልትመረምሪ የመጣሽው?»

«ማሚ፣ ጠየቅኩ እንጂ ምን አደረግኩ?»

ኖላዊ ኮሪደሩን ከፊት ከፊት ሆኖ መራቸው። ለእንግዳ ሲባል የላብራቶሪውን በር ክፍት ይተዉታል ብሎ ነበር፤ ተዘግቷል። ከኋላው የሚከተሉት ወላጆች አንድ በአንድ ደርሰው ከበቡት።

«ክፈትልን እንጂ፣ ኢንጂነር» አሉ ተናኘ።

የተማሪ ካርዱን በሩ ላይ ካለው ማንበቢያ አስጠጋ። ቀይ መብራት በራ። ካርዱን ሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ደገመ። ቀይ። ሦስተኛም ሞከረ፤ ያው ቀይ።

«ካርዱ አርጅቶ ይሆናል» አሉ ተናኘ፤ እንዲሁ አልከፍት ያላቸውን የጋራዣቸውን ቁልፍ አስታውሰው።

«ማሽኑ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እያስቸገረን ነው» አለች ማርሻ። የራሷ ካርድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ልታስነካው ግን አላሰበችም።

በዚህ መሐል ላፕቶፕ በብብቱ የያዘ ተማሪ «ይቅርታ» እያለ በመሐላቸው አለፈና ካርዱን አስነካ። አረንጓዴ በራ። በሩን ከፍቶ ሊያስገባቸው ዘወር ሲል ዓይኑ ኖላዊ ላይ አረፈ።

«ኖላዊ! ተመለስክ እንዴ?»

ኖላዊ ካርዱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሔርሞን አየችው። ተናኘ፣ ልጁ ምን አለ ብለው ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበር፤ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ተዉት።

«ገና ነው» አሉ አቶ ሙሉነህ። ተማሪውን አመስግነው በሩን ከእጁ ተቀበሉ፤ ወደ ማርሻም ዞሩ። «እንዲመልሱት ማመልከት የሚችለው እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ኖቬምበር ሰላሳ» አለች ማርሻ፣ ስለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ።