የክንዱ ማተብ

ክንዱ በቡሬ ዙሪያ አንደበተ ርቱዕ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ የስንቱን ጠብ አስታርቋል። አሁን ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ያደገው እጢ አንደበቱን ያዘበት። ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ሰው ወሬውን ጨርሶ ይነሣል። ስለዚህ ሁሉም የሚያናግረው ሚስቱን ደስታነሽን ነው፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ!

የቡሬዋ ሐኪም ዶክተር ሰብሊ ብቻ ዓይን ዓይኑን እያየች አስረዳችው። «አቶ ክንዱ፣ በተሳቢ መኪና ላይ የተጫነ ኤም አር አይ የሚባል የምርመራ መሣሪያ ፍኖተ ሰላም መጥቷል። ጭንቅላትዎን በቀስታ እያንቀጠቀጠ እጢው ጠንካራ ይሁን ለስላሳ ይለካል፤ አንጎልዎ ውስጥ ውሃው እንዴት እንደሚዘዋወርም ያያል። ለስላሳ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይቀላል። ሳይለካ ግን ማንም አይደፍረውም።»

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር፣ የታጨደውን ጤፍ ለጎረቤት አደራ ብለው ሄዱ። የደረሱት መኪናው ሊመለስ በተዘጋጀበት ቀን ነው። የመሣሪያው ባለሙያ፣ ቀብራራ ጐረምሳ፣ ክንዱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ደስታነሽን «ብረት ይዟል?» አላት። ክንዱ ወደ አንገቱ ጠቆመ። ማተቡ ላይ የብረት መስቀል አለ። ቋጠሮውን ሊፈታ ሲዳብስ ልጁ ቸኮለና ማተቡን በመቀስ ቀጭ አደረገው።

በእነ ክንዱ አገር ማተቡን በጠሰ የሚባለው ሃይማኖቱን የካደ ነው። ክንዱ ከተቀመጠበት የመሣሪያው አልጋ ወረደ። «አል…ተኛም።»

«ለክር ብሎ? ንገሪው እንጂ እናት!»

«ክሩ መሣሪያውን ይጎዳዋል?» አለች ደስታነሽ።

«ክሩ ምን ያደርጋል? ማግኔቱ የሚስበው ብረቱን ነው እንጂ።»

ደሟ ፈላ። «ታዲያ ብረቱን አትፈታም? የሰው አንገት እኮ ነው! ማንን አስፈቅደህ ነው?»

ልጁ ሰዓቱን አየ። ደስታነሽ ባሏን ይዛ ብትወጣ ደስ ባላት፤ ግን ዛሬ ካልተለካ ቀዶ ጥገና የለም። የራሷን ማተብ ፈታች፤ መስቀል የሌለበት ጥቁር ክር ነው። ባሏ አንገት ላይ አሰረችው።

«ክንድዬ፣ ስለ እኔ ብለህ።»

ባዶ አንገቷን አየና ተኛ። እሷም አንገቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ውጪ ቆማ ጠበቀች። ያን ቀን የተናደደችውን ያህል በዕድሜዋ ተናዳ አታውቅም።

ወደ ማታ የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም ጠርቶ ነገራቸው፦ እጢው ለስላሳ ነው፣ ይወጣል። ደስታነሽ እልል አለች።

ሲወጡ ልጁ የተቆረጠውን ማተብ ከነመስቀሉ ይዞ ተከተላቸው። ፊቱ ቀልቷል። «እናት፣ ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው…»

«አንገቱ የእሱ ነው» አለችው። «ለእሱ ንገረው። መልሱ ይዘገያል፤ ቆመህ ጠብቀው።»