ኤ-ኤ ነኝ በይ

«ስኳር ነው የገደላት?» አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

«እንዴታ! ማልት መጠጥ ላይ ነፍሷ ይወጣ ነበር አሉ» አለች ጎረቤቷ። «በቀን ሦስት ጠርሙስ።»

«እሱማ ሰው አፉን ካልያዘ ምን ይደረጋል...»

አልሃጃ ሲኪራ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸው ጆሯቸው አሁንም ደህና ነው፤ እንዲህ ባለ ቀን ግን ደንቆሮ መሆን ያምራል። ልጃቸው ሙሪና ማልት ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ፊቷን እያጨማደደች ነበር የምትጠጣው። ይህን ሊነግሯቸው አሰቡና ተዉት። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው አንድ ነገር ማውራቱ መቼም አይቀርም።

ነገ የስምንተኛ ቀን ጸሎቷ ነው። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ለምጽዋት የሚሆን አካራ፣ የባቄላ ጥብስ፣ ይጠብሳሉ፤ ወንዶቹ ከሸራው ሥር ዝናቡን ተጠልለዋል። አልሃጃ የልጃቸውን መቃብር አላዩም። በኢባዳን ከተማ ልማድ ወላጅ የልጁን መቃብር አያይም። አስከሬኑ ሲወጣ ዘመዶቻቸው ይዘው መኝታ ቤት አስገቧቸውና በሩን ዘጉባቸው። እሳቸው የሰሙት የብዙ ሰው እግር ሲርቅ ብቻ ነው።

ከጎናቸው ሁለተኛዋ ልጃቸው ኩዲራት አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ አማቷ፣ የባሏ የጋኒዩ እናት። አማቲቱ ለቅሶው ከጀመረበት ቀን አንስቶ ጥላው አልሄደችም። ሩዙን የምታስቀቅል እሷ፣ እንግዳውን የምትቀበል እሷ። ሰው ናት፣ አልሃጃ ይህን አይክዱም።

ዶክተር አዴሺና የገባችው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ሙሪናን ስታክም የነበረችው እሷ ናት። አልሃጃ ፊት በጉልበቷ ወድቃ ሰላምታ ሰጠች፤ ተነሺ ቢሏትም ቶሎ አልተነሳችም።

«እማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ? ቀኗ ነው።»

«ቀኗ ብቻ አይደለም። ያቺ እግሯ ላይ የወጣችው ቁስል ስኳሯ ባይከፋ ኖሮ በሳምንት የምትድን ነበረች። እኔ ደግሞ ስኳሯ ደህና ነው ብዬ ተቀምጫለሁ።»

አልሃጃ ሙሪና በየጠዋቱ ጣቷን ስትወጋ ታየቻቸው። ምግብ ሳትቀምስ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ትንሿን ማሽን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። «ሁለት መቶ ስልሳ። እማ፣ ይሄ ነገር ጠዋት ጠዋት ይሰድበኛል» ትላለች። ከዚያ የሦስት ወሩ ምርመራ ውጤት መጣ። አምስት ነጥብ ሁለት፤ ስኳር ያልነካው ሰው የሚያመጣው ዓይነት። ቤቱ ሁሉ እልል አለ። እሷ ብቻ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ወረቀቱ ደህና ነሽ ይላል፤ ሰውነቴ ግን አልሰማም» አለች። አልሃጃ ያኔ ስቀውባታል። «የሐኪም ቤቱ ማሽን እኮ ይሄን ክፍል ያክላል። ያንቺ የልጅ መጫወቻ ነው» አሏት።

«ታዲያ የቱ ነው የዋሸው?» አለች ኩዲራት ዶክተሯን። ጥያቄው የለቅሶተኛ ጥያቄ አይመስልም ነበር።

«ወረቀቱ ነው ብዬ እፈራለሁ። በየጠዋቱ የምትለኪው በዚያች ሰዓት ደምሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ነው። የሦስት ወሩ ግን ቀይ ደም ላይ የተለጠፈውን ነው የሚያየው። ሦስት ወር ሙሉ ሲለጠፍ የከረመው ያንን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍሽ ይናገራል። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። ካልተቀራረቡ ደሙን መጠየቅ ነው። ሲክል የሚሉት በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ያለበት ሰው ቀይ ደሙ ዕድሜ የለውም። ስኳሩ በደንብ ሳይለጠፍበት ይሞትና አዲስ ይተካል። ወረቀቱም ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ እንዳለ ይኖራል።»

ዶክተሯ ዓይኗን ጠረገች።

«ጠይቄያት ነበር እኮ። ሲክልን የሚለየው የደም ፊደልሽ ምንድን ነው አልኳት። ‹ኤ-ኤ ነኝ፣ ንጹሕ› አለችኝ። ኤ-ኤ ከሆነችማ ማሽኗ ነው የተበላሸው ብዬ መድኃኒቷን ሳልጨምር ተውኩ። በቃሏ ማመን አልነበረብኝም።»

አልሃጃ እጃቸውን ምንጣፉ ላይ ጫኑ።

ሙሪናና ኩዲራት ልጆች ሳሉ ብርድ በመጣ ቁጥር አጥንታቸው ይለበልባቸው ነበር። ሐኪሙ ኤስ-ሲ ናቸው አለ፤ ሲክል ነው፣ ግን ከባዱ አይደለም። አደጉ፣ ሕመሙ እየራቀ ሄደ፣ ባል መጣ። እዚያ አገር ደግሞ ከጥሎሽ በፊት የሚጠየቀው የደም ፊደል ነው፤ ሲክል ለልጅ ይተላለፋልና። ኤስ-ሲ የተባለች ልጅ ደጅ ላይ የቆመ ሽማግሌ ጫማውን ሳያወልቅ ይመለሳል። አልሃጃ ይህን ማየት አልቻሉም። አንድ የሚያውቁት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ዘንድ ሄደው ኤ-ኤ የሚል ወረቀት ሁለት አጽፈው መጡ። ልጆቹን ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና «ኤ-ኤ ነኝ በይ» አሉ።

«ለባሌም?» አለች ኩዲራት።

«ለባልሽም።»

«ለሐኪምም?» አለች ሙሪና እየሳቀች።

«ለሐኪምም! ሐኪም ሚስት የለውም? ሚስቱስ አፍ የላትም?»

ሙሪና እስክትሞት ድረስ ቃሏን ጠበቀች። እናቷን ታዝዛ ሞተች። አልሃጃ ይህን አሁን ገና ነው የገባቸው፤ የገባቸውም ሰው በሞላበት ቤት፣ መጮህ በማይቻልበት ሰዓት ነው።

«የእኔም አይገጥምም» አለች ኩዲራት ቀስ ብላ። «አምና ስኳር ተገኘብኝ። ጠዋት ሁለት መቶ አሥር እለካለሁ። ወረቀቱ ግን ጤነኛ ነሽ ይላል።»

ዶክተር አዴሺና ቀና አለች። «የደም ፊደልሽስ?»

«ኧረ እሷ ኤ-ኤ ናት!» አለች የጋኒዩ እናት ከአጠገቧ ተሽቀዳድማ። «ወረቀቷን በዚህ እጄ ተቀብዬ ነው የዳርኳት። ልጄን ሜዳ ላይ አላገኘሁትም።»

«ከራሷ ልስማው።»

ኩዲራት ዶክተሯን አላየችም። እናቷን አየች። አልሃጃ የልጃቸው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ጠበቁ፤ ይሄኔስ እውነቱን ትናገር ብለው በልባቸው ለመኑ። እሷ ግን በልጅነቷ ትምህርቷን እንደምትወጣው አድርጋ «ኤ-ኤ ነኝ» አለች።

«አይደለችም» አሉ አልሃጃ።

ከበሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኤስ-ሲ ናት። ሙሪናም ኤስ-ሲ ነበረች። ወረቀቱን ያጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዋሹ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ማልት አይደለም! ይቺን ግን አልገድልም። ዶክተር፣ ጻፊው። ኤስ-ሲ ብለሽ ጻፊው።»

የጋኒዩ እናት «ስምንት ዓመት!» አለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ የአጥንቷን ሕመም ሩማቲዝም ነው እያላችሁኝ! ከገበያ ገበያ ቅባት ስፈልግላት የኖርኩት እኔ! በገዛ እጄ እያሸኋት!» ድምፅዋ ተሰበረ። የንዴት ይሁን የሐዘን አልታወቀም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። «ልጄ ከእኔ አፍ ይስማው። ከሰው አይስማው» አለችና ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ወጣች።

«እማ፣ ምን አደረግሽኝ?» አለች ኩዲራት። ፊቷ አመድ መስሏል። «ትዳሬን እኮ ነው። በእህቴ ለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! አስተማርሽኝ፣ እንዳልሽኝ ኖርኩ። አሁን ደግሞ ብቻዬን አወጣሽኝ።»

ተነሳች። ጫማዋን በግራ በቀኝ ፈለገች፤ የአንዷን እንግዳ ጫማ አጥልቃ እንደገና አወለቀችው። ከደጅ የጋኒዩ ድምፅ «ምን? ማን?» ሲል ይሰማል። ዶክተሯ «ከነገ ወዲያ ጠዋት ነይልኝ፤ ከባልሽ ጋርም ብትመጪ ጥሩ ነው» አለቻት። ኩዲራት አንድ እግሯን ደጃፉ ላይ አሳረፈች።

አልሃጃ ያ የብዙ ሰው እግር እየራቀ ሲሄድ የሰሙ ዕለት የተሰማቸው ዓይነት ፍርሃት ያዛቸው። እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው «ሙሪና!» ብለው ተጣሩ።

ስሙ ካመለጣቸው በኋላ ነው የሰሙት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከሴቶቹ አንዷ «ኢና ሊላሂ» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ኩዲራት በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ዞራ መጣችና ምንጣፉ ላይ ከእናቷ ጎን ቁጭ አለች፤ የተዘረጋውንም እጅ ያዘች።

«አቤት፣ እማ» አለች።